የወደቀ ጭነት ባለቤት አለው

ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመንን አቋርጦ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ያልፋል። በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ተጉዞ ወረታ የደረሰ ሰው ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ሌላ መንገድ ያገኛል፤ የዓለም ሳጋን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይገባል፣ ከዚያም በጋይንት ደጋ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ይህ መንገድ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ከሚሌና ከጅቡቲ ጋር ከሚያገናኙት መሥመሮች አንዱ ነው። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚራገፈው ጅቡቲ ላይ በመሆኑ፣ በዚህ ደጋ እያቃሰተ የሚወጣ ተሳቢ የጫነው ብረት፣ ዘይት፣ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ከጥቂት ጊዜ በፊት መርከብ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ማዕበል የሰበረው መርከብ ወደ ዳር የተፋው ጭነት የማን ነው? የባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩት ይህ ጥያቄ ባሕር ለሌለን ለእኛ ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው ከወደቡ ጀምሮ በመኪና ተጭኖ እስከ ደጃችን ይመጣል። እኛ ዘንድ መርከቡ ከባድ መኪና ነው፤ ማዕበሉም ቁልቁለቱና እምቢ ያለው ፍሬን።

በአገራችን ብዙ መንገዶች መኪና ተገለበጠ ሲባል ሁለት ዓይነት ሩጫ ይታያል። አንዳንዱ ሹፌሩንና ረዳቱን ከተጨፈለቀው ጋቢና ለማውጣት ይሮጣል። አንዳንዱ ጆንያና ጀሪካን ይዞ ወደ ጭነቱ ይሮጣል። መጀመሪያ ቁስለኛውን ተሸክሞ፣ ተመልሶ ደግሞ ካርቶን ተሸክሞ የሚሄድም አለ። ልብ ልንለው የሚገባን ይህን ሦስተኛውን ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለምና። የማያውቀው በሬ ከከብቶቹ ጋር ተቀላቅሎ ቢያድር አስሮ ሣር ይሰጠዋል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቀጥሎም በገበያ ያስነግራል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ምልክቱን ጠይቆ ያስረክባል። ታዲያ ካርቶኑ ከበሬው የሚለየው በምንድን ነው?

የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው። ወድቋል፣ ባለቤቱ ትቶታል። ኢንሹራንስ ይከፍለዋል። እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል። ተበላሽቶ ከሚቀር። ድሃ ነን፣ እግዜር የሰጠን ሲሳይ ነው። እነዚህ መልሶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለሱ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ከሁሉ የሚቀድመው «ባለቤቱ ትቶታል» የሚለው ነው፤ ይህ ከፈረሰ ሌሎቹም ይናወጣሉና። የሮም ሕግ ይህን ጉዳይ አስቀድሞ መርምሮታል። በ533 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ ለሕግ ተማሪዎች ባወጡት የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰፍሯል፦ ማዕበል ሲነሣ መርከቡን ለማቅለል ወደ ባሕር የተጣለ ዕቃ ከባለቤቱ እጅ እንጂ ከባለቤትነቱ አልወጣም። ሰውዬው ዕቃውን የጣለው ስላልፈለገው አይደለም፤ ነፍሱንና መርከቡን ለማትረፍ ነው። ስለዚህ ያን ዕቃ ከማዕበል ላይም ሆነ ከዳርቻው ላይ ለመጠቀም ብሎ ያነሣ ሰው ሌባ ነው። መጽሐፉ እዚያው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይላል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ከሚሄድ ሠረገላ ላይ የወደቀ ዕቃም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም ይላል። ከዛሬ 1500 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ሕግ መርከቡንና ሠረገላውን በአንድ ፍርድ አሰራቸው። ሠረገላውን በሲኖትራክ ብንለውጠው ፍርዱ አይለወጥም።

ቁም ነገሩ መጣልንና መተውን መለየቱ ላይ ነው። መተው የፈቃድ ሥራ ነው፤ ሰው ከእንግዲህ አልፈልገውም ብሎ ሲሄድ። መገልበጥ ፈቃድ የለበትም። ሹፌሩ ራሱን ስቶ ወድቆ ሳለ፣ ነጋዴውም አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተቀምጦ ገና ወሬው ሳይደርሰው፣ ማንም ምንም አልተወም። ባለቤቱ አልታየም እንጂ አልጠፋም። የበሬው ባለቤት ፊት አለው፤ ከወንዝ ማዶ ያለ፣ በማኅበር ወይም በዕድር የምናገኘው ሰው ነው። የካርቶኑ ባለቤት ግን ስሙ በማናነበው ደረሰኝ ላይ ነው ያለው። እኔ እንደማምነው፣ ደጉን ገበሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሽሚያ የሚያስገባው ይኸው የባለቤቱ አለመታየት ነው።

የሮሙ ሐሳብ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ የሥጋዊው ክፍል ከቢዛንታይን ሕጎች ብዙ ወስዷል፣ የቢዛንታይን ሕግ ደግሞ የዮስጢንያኖስ ልጅ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በችሎት ይጠቀስ የነበረው ይህ መጽሐፍ ጠፍቶ ስለ ተገኘ ዕቃም ይናገራል። ከእርሱም በፊት ኦሪት አለ። ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምህን የጠፋ በሬ አይተህ አትለፍ፣ ባለቤቱን ባታውቀው እስኪመጣ ከቤትህ ይቆይ፣ አህያው በመንገድ ወድቆ ብታይ አብረህ አንሣው የሚል ትእዛዝ አለው። ዘጸአት 23 ደግሞ ነገሩን ያጠብቀዋል፤ ከጭነቱ በታች የወደቀው አህያ የጠላትህ ቢሆንም እንኳ አግዝ ይላል። ከጭነት በታች የወደቀ አህያና ከጭነቱ ጋር የተገለበጠ መኪና በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዘመን ብቻ ነው። በእስልምናም ቢሆን የተገኘ ዕቃ ለዓመት እንዲነገርለት የሚያዘው ትምህርት የታወቀ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ መላጥያ ላይ በተሰበረ ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው እንደተቀበሏቸው የሐዋርያት ሥራ ሲተርክ፣ ሊቃውንቱ ያን ደግነት ሲያስተምሩበት ኖረዋል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1151 ጀምሮ የሚለየው ይህንኑ ነው፤ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የራሴ ይሁን ብሎ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል፣ ባለቤት ያለውን ዕቃ ወድቆ ያገኘ ሰው ግን ለባለሥልጣን የማስታወቅና ዕቃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 መሠረት የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለአግባብ ለመበልጸግ ወይም ሌላውን ለማበልጸግ ብሎ የወሰደ ሰው በስርቆት ይጠየቃል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስ ይችላል። ከጭነቱ ጥቂት ካርቶን ወስዶ በማግሥቱ በገበያ ሲሸጥ፣ ከየት እንደመጣ እያወቀ የገዛውም ሰው በመሸሸግ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። አንቀጽ 575 ደግሞ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት ሲችል በሞት አፋፍ ያለን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሄደን ይቀጣል። በተገለበጠ መኪና ዙሪያ ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ከሁሉ ይከብደኛል። ጋቢናው ውስጥ የሚያቃስት ሰው እያለ ጆንያ የሚጎትት ሰው ሁለት ሕግ በአንድ ጊዜ ይተላለፋል፤ ከሁለቱ የከፋው ስለ ጆንያው አይደለም።

የኢንሹራንሱ ነገር በቀላሉ የሚፈታ ስሕተት ነው። በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ እርሱ በመኪናው ምክንያት ለተጎዳ ሌላ ሰው ወይም ለሌላ ሰው ንብረት እንጂ መኪናው ለጫነው ዕቃ አይደለም። የጭነት መድን ነጋዴው ራሱ ወዶ የሚገባው ሌላ ውል ነው፤ አነስተኛው ነጋዴ ብዙ ጊዜ አይገባውም። ቢኖርም ደግሞ መድን ሰጪው ካሣውን ሲከፍል በባለቤቱ ቦታ ይተካል፤ ዕቃው ጌታ ቀየረ እንጂ ጌታ አላጣም። በአገር ውስጥ የየብስ ጭነትን የሚገዛው አዋጅ 547/1999 አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት እስከሚያስረክብበት ድረስ ለሚጠፋው ኃላፊ ያደርገዋል፤ ሊያስቀር የማይችለው ምክንያት እንደደረሰበት ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ በሽሚያው የሚከፍለው ሰው ብዙ ጊዜ ያ ሀብታም ኩባንያ አይደለም። አንድ አይሱዙ በብድር ገዝቶ የሚያሠራ ሰው፣ ወይም ደሞዙ የሚቆረጥበት ሹፌር ሊሆን ይችላል።

የማይታየውን ባለቤት ለማየት የሚረዳ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ አለ። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር በማዕበል ተጎድታ ወደ ዳር እንድትጠጋ ተደረገ፤ ከኮንቴይነሮቿ በርከት ያሉት ብራንስኮም በሚባል መንደር ዳርቻ ተተፉ። ሰዎች ከሩቅም ከቅርብም ተሰብስበው ቢ ኤም ደብሊው ሞተር ብስክሌት፣ የወይን በርሜል፣ የሕፃናት ዳይፐር ሲሸከሙ በቴሌቪዥን ታዩ። ብዙዎቹ ባሕር የተፋው ላገኘው ነው ብለው ያምኑ ነበር። የአገሪቱ ሕግ ግን የመርከብ ስብራት ዕቃ ያገኘ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ለዚሁ ለተሾመው ሹም እንዲያስታውቅ፣ ባለቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መጥቶ መጠየቅ እንዲችል፣ በሐቅ ላስታወቀው ደግሞ የማዳን ዋጋ እንዲከፈለው ያዛል። ከኮንቴይነሮቹ በአንዱ ውስጥ የነበረው የንግድ ዕቃ አልነበረም። ከስዊድን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዝ የአንድ ቤተሰብ የቤት ዕቃ ነበር፤ የቤተሰቡ እናት የገዛ ንብረቷ በዳርቻው ላይ ሲበረበር በዜና አየች። ከዚያ በኋላ «ባለቤት የለውም» የሚለው ቃል በብዙዎች ጆሮ ሌላ ሆነ። ይህ እንግዲህ ሀብታም በሆነ አገር፣ ጠግበው በሚያድሩ ሰዎች የተደረገ ነው። ሽሚያን ድህነት ብቻ ይወልደዋል የሚለውን ሐሳብ እንድጠራጠር ያደርገኛል።

ድህነቱን ግን አልክድም። ከአዲስ ዘመን ተገንጥሎ ወደ እብናት የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰው የሴፍቲኔት እህል ለዓመታት ወደተሰፈረበት ወረዳ ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም እንዲሁ። ልጁ የተራበበት አባት ከወደቀ ጆንያ አንድ ጣሳ ስንዴ ቢያፍስ እኔ ድንጋይ የማነሣበት ሰው አይደለም። የወንጀል ሕጉም ቢሆን በሌላ መንገድ ሊርቅ በማይችል የቀረበ አደጋ ተገዶ ለተደረገ ነገር ቦታ አለው። ነገር ግን ይህ ምሕረት ለአንድ ጣሳ ነው፤ የተሳቢውን ጭነት በጋሪ ለሚያግዘው አይደለም። ደግሞም ያ ስንዴ ወዴት እየሄደ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። የእርዳታ እህል ከሆነ የተወሰደው እብናት ላይ ተራ ከያዘች ሌላ ድሃ ነው። በወረታ የተጫነ የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሆነ ደግሞ የተወሰደው ከገዛ ጎረቤት ነው። ፎገራ ሩዙንና ሽንኩርቱን በዚሁ መንገድ ወደ ሌላ አገር ይልካል፤ የእኛ ጭነት በሌላ ሰው ቀበሌ ሲገለበጥ እንዲጠበቅልን የምንፈልግ ከሆነ፣ የሌላው በእኛ ቀበሌ ሲገለበጥ ልንጠብቅለት ይገባል።

«ተበላሽቶ ከሚቀር» የሚለው ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። የፈረጠ ቲማቲም ባለቤቱ እስኪመጣ አይቆይም። ሹፌሩ በጤናው ሆኖ፣ የቀበሌ ሰው ወይም ትራፊክ ፖሊስ ባለበት፣ የማይተርፈውን ብሉት ቢል የበላው ሰው ኃጢአትም ወንጀልም የለበትም። ሊሸጥ የሚችለውን እዚያው በግልጽ ሸጦ ገንዘቡን ለባለቤቱ ማስቀመጥም ይቻላል፤ የዕቃውን ቦታ ዋጋው ይተካል። ነገር ግን ደሙ የሚፈስ ሹፌር በመቶ ሰው ተከብቦ «ውሰዱ» ቢል ፈቃድ ሰጠ አይባልም፤ ፈራ እንጂ።

ቦቴ ከሆነ ግን ክርክሩ ሁሉ ይቆማል። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. በፍሪታውን፣ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ጂጋዋ ግዛት፣ ከተጎዳ ቦቴ የሚፈሰውን ነዳጅ ለመቅዳት የተሰበሰቡ ሰዎች ድንገት በተነሣ እሳት አለቁ፤ በጂጋዋው ብቻ ከ150 በላይ። ቤንዚን የሚያቀጣጥለው ክብሪት ብቻ አይደለም፤ የጋለ ሞተርና የብረት ፍንጣሪ ይበቃዋል። እዚህ ላይ የሕግም የሃይማኖትም ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ልጆችን ይዞ መራቅ ይቀድማል።

የዚህ አገር ሰው ስለ ወደቀ ንብረት ሲናገር ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን የሚሰጠው የገዛ ታሪኩ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው፣ በአጠገቧ በጋፋት ሴባስቶፖልን አስቀልጠው፣ ያን መድፍ መንገድ እየቀደዱ እስከ መቅደላ አስጎተቱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር ወደ ምሽጉ ገብቶ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ፤ ከሳምንት በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ባለቤቱ ወድቋል፣ ስለዚህ ዕቃው ላገኘው ነው ተባለ። ከተዘረፈው ውስጥ ቴዎድሮስ ራሳቸው በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በግፍ ያወጧቸው መጻሕፍት ነበሩበት፤ ሁለት ጊዜ የተወሰደ ንብረትም ቢሆን የመጀመሪያው ባለቤቱ መብት አልሞተም፣ እኔ እንደዚህ ነው የማምነው። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ቤት ያሉትን 11 ታቦታት ስንጠይቅ ክርክራችን አንድ ነው፦ ጌታው መውደቁ ንብረቱን ጌታ አልባ አላደረገውም። ይህን በለንደን ተናግሮ በዓለም ሳጋ ቁልቁለት ላይ መርሳት አይቻልም።

የባሕር ሕግ አንድ ሌላ ጥበብ አለው፤ እኛ ልንወስደው ይገባል እላለሁ። ዳርቻ ላይ የሚኖርን ሰው በቅጣት ብቻ መግታት እንደማይቻል ስለተረዳ ዕቃ ላዳነ ሰው ዋጋ ይከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ራሱ፣ ምፅዋና አሰብ በነበሩን ዘመን፣ በባሕር ላይ ርዳታና ማዳን ለሠራ ሰው የሚከፈለውን ዋጋ ደንግጓል። በመንገድ ላይ ይህን የሚመስል ነገር ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ማግኘት ይቻላል፤ ሳይወከል የሌላውን ሰው ጉዳይ ለባለጉዳዩ ጥቅም ብሎ የመራ ሰው ያወጣውን ወጪ ባለጉዳዩ ይተካለታል። ሌሊቱን ከብርድ ጋር ጭነት የጠበቀ ወጣት፣ ጆንያ ሰብስቦ በሸራ የሸፈነ ገበሬ፣ ለዚህ ድካሙ ማለዳ ላይ የሚከፈለው ነገር እንዳለ ካወቀ ሥራው ይለወጣል። በእኔ ዓይን ጉድለቱ የነዋሪው ብቻ አይደለም። ጠብቆ ያስረከበ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ተብሎ ብቻ ሲሰናበት፣ የወሰደው ደግሞ ጠያቂ ሳይኖረው ሲቀር፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ልመናዬ ለሁለት ወገን ነው። በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በዓለም ሳጋ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት መንገድ ዳር ያላችሁ የቀበሌ ሹማምንት፣ ቀሳውስት፣ ሼኾችና የዕድር ዳኞች፣ መኪና ሲገለበጥ ማን ቁስለኛ እንደሚያነሣ፣ ማን ጭነት እንደሚጠብቅ፣ ማን ለፖሊስ እንደሚደውል አደጋው ሳይመጣ ተነጋገሩበት፤ ስማቸውን ጽፋችሁም በየመንደሩ አሳውቁ። ነጋዴዎች፣ የጭነት ማኅበራትና የመድን ድርጅቶች ደግሞ ለጠባቂዎች የሚከፈለውን አበል አስቀድማችሁ ወስናችሁ ለሹፌሮቻችሁ አስይዙ፣ አበሉንም ዕቃውን በተረከባችሁበት ቀን ክፈሉ።